«ባሩዱን ስትቀንስ አረሩ የት ይደርሳል?» አለኝ አባቴ

የሱሉልታው ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ለገና መጥቼ ሱሉልታ እናትና አባቴ ጋ ነኝ። የዚህን አገር ብርድ ረስቼው ነበር። እንጦጦን ተሻግሮ ሜዳው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ጃኬት አያውቅም። ማታ ማታ ከሰል ከበን ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ የኔ ጉድ ላይ ያርፋል።

ጉዱ ይሄ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የዒላማ ተኩስ እወዳለሁ። ያለኝ ጠመንጃ በካውቦይ ፊልም የምታውቁት ዓይነት ነው። ከሥሩ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ ስታደርጉት ባዶውን ቀለህ ተፍቶ ሌላ ይጎርሳል። ሌቨር ይሉታል። የተሠራው ለ357 ማግነም ነው፤ የስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥይት ማለት ነው። ታላቅ ወንድሙን 38 ስፔሻልንም ይቀበላል። ውፍረታቸው አንድ ነው፤ ቁመታቸው ግን ይለያያል። የ38ቱ ቀለህ 29.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ357ቱ 32.8። ያቺ ሦስት ሚሊ ተኩል በስህተት አልመጣችም። 357 እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ ጉልበቱ ከፍተኛ ስለነበር፣ ሰው ተሳስቶ በአሮጌ የ38 ሽጉጥ እንዳያጎርሰው ተብሎ ነው የረዘመው።

ጥይቱን የምሞላው ራሴ ነኝ። እዛ ሕጋዊ ነው፣ ብዙ ሰው ጋራዡ ውስጥ ይሠራዋል። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቤ አጥባለሁ፣ ወደ ልኩ እመልሳለሁ። ከዚያ አዲስ ፕራይመር (ከግርጌ ያለችው እሳት ሰጪ)፣ ባሩድ፣ አረር (ተተኩሶ የሚሄደው)። የምፈልገው ለስለስ ያለ ጥይት ነው፤ ትከሻ የማይራገጥ፣ ጆሮ የማይበሳ። ቀለል ያለ አረር በ38 ቀለህ አድርጌ ሞላሁ። ሲተኮስ ደስ ይላል። ችግሩ ከአሥሩ አንዱ ይነክሳል። ቀለበቱን ስመልስ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ጠመንጃው የ1873ቱ ዊንቸስተር ቅጂ ነው። እዚህ ቤት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሁለተኛው ነገር የአባቴ ነው። ይሄን ሁሉ ሳወራለት ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «አያትህም የውጅግራውን ጥይት ራሱ ነበር የሚሞላው» አለኝ። አባቴ ወሬ ማጣፈጥ ይወዳል፤ ስለዚህ አላመንኩትም። ከዚያ ደግሞ ርዕሱ ላይ ያለውን ጥያቄ ጠየቀኝ። እስካሁን በደንብ አልመለስኩለትም።

ጨዋታ አዋቂ

እኔ «መሙላት» የሚለውን ሳይ ስለ ስልክ ካርድ መስሎኝ ነው የገባሁት። አሁን ግን አልወጣም። ቀጥሉ።

ሕግ ይከበር

ወንድሜ፣ ነገሩ ደስ ይላል። ግን እዚህ አገር ሆኖ የሚያነበው ብዙ ሰው አለና ልናገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ጥይትም ጠመንጃም ያለ ፈቃድ መሥራትም ሆነ መያዝ አይቻልም። ጋራዥ ውስጥ ጥይት መሙላት ሱሉልታ ላይ «የትርፍ ጊዜ ጨዋታ» አይባልም። አንተ እዚህ ምንም ይዘህ እንዳልመጣህ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሱሉልታው ልጅ

ምንም! ለማስታወሻ የሚሆን ባዶ ቀለህ እንኳን ሻንጣዬ ውስጥ የለም። ቦሌ ላይ እሱን ለማስረዳት ጉልበቱም የለኝ። ለአባቴ ያሳየሁት በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። እዚህ የምናወራው ሁሉ እዛ ስላለው ዕቃ ነው። ሕጉን ስላነሳህ አመሰግናለሁ።

ቶርኖ ቤት

ሰበታ መንገድ ላይ ቶርኖ አለኝ። ጠመንጃ አልሠራም፣ ግን ማሽን ማሽን ነው። የ1873ቱን አሠራር ስዕሉን አይቼዋለሁ። ጓድ፣ ያንተ ችግር ቁመት ነው።

ከአፈሙዙ ሥር ያለው ቱቦ ካዝና ነው። ጥይቶቹ እዛ ውስጥ ተራ ገብተው እንደ ባቡር ፉርጎ ተያይዘው ይቆማሉ። ከአፈሙዙ በኩል ስፕሪንግ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። የመጀመሪያው አንድ የናስ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቀለበቱን ስትገፋ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ አሳንሰር። ሌሎች ጠመንጃዎች ጥይቱን እንደ ማንኪያ አዘንብለው ነው የሚያነሱት። የ73ቱ ግን ሳጥን ነው፤ ሳጥን ደግሞ ልክ አለው።

ጥይቱ ከልኩ ከረዘመ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ይሄን ሁሉም ይገምታል። የሚዘነጋው ሌላው ነው። ካጠረስ? ያኔ ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ቦታ ይቀራል። ቀጥሎ ያለው ጥይት ግርጌው ላይ ጠርዝ አለው አይደል? እሱ በትርፉ ቦታ ግርጌውን አስገብቶ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ይሆናል። አሳንሰሩ ሊወጣ ሲል እግሩ በር ላይ የተያዘ ሰው ማለት ነው። ቀጥ።

አንተ አጭር ቀለህ ላይ አጭር አረር ጨምረህበታል። ሙሉ ቁመቱን በካሊፐር ለካው። ከ38 ሚሊ በታች ከሆነ በኔ ግምት ወንጀለኛው እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። 38ቱን በ357 ጉሮሮ (ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበት) ውስጥ አብዝተህ ስትተኩስ፣ ቀለሁ ካለቀበት ጀምሮ ያለችው ሦስት ሚሊ ላይ ጥላሸትና እርሳስ ቀለበት ሆኖ ይጋገራል። ከዚያ አንድ ቀን ረጅሙን ልታጎርስ ስትል አልገባም ይልሃል። በመዶሻ እንዳትገፋው። በብሩሽ ነው የሚጸዳው።

ሻምበል (ጡረታ)

ልጄ፣ አባትህን አትጠራጠራቸው። «ወሬ ማጣፈጥ» ያልከውንም እንዳያነቡብህ።

ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም ከዛው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የተጣመመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ፣ አንድ ጊዜ ሲተኮስ እንደገና የሚጎረስ። ጭስ ያለው ጥቁር ባሩድ ነው የሚጠቀመው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የሚባለውን ወደ ሠራዊቷ ስታስገባ ይሄኛው ተረፈ። በጅቡቲና በኦቦክ በኩል እኛ ጋ ጎረፈ። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሱሉልታ ስላልክ አንድ ልጨምር። እንጦጦ ጋራ ላይ፣ ከእናንተ ቤት ጀርባ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ምኒልክ ዘንድ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ ነበር። ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ፣ ከኋላው ካፕሱል የሚደረግበት ዓይነት ጠመንጃ ከባሕር ዳርቻ ጭኖ ነበር የተነሳው። አተረፍኩ ብሎ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ጥይቱ። ጥይት ያኔ ገንዘብ ነበር። በቃል አነጋገር አይደለም፤ እውነተኛ ዝርዝር ሳንቲም። በማርያ ቴሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው መካከል ያለውን ቦታ ጥይት ይሞላው ነበር። ገበያ ላይ በጥይት ትገዛለህ፣ መልሱን በጥይት ትቀበላለህ። ታዲያ ባዶውን ቀለህ ማን ይጥላል? ናስ ነው። ባሩድ ደግሞ በአገር ቤት ይወቀጥ ነበር፣ እርሳስም ይቀልጥ ነበር። የሚያስቸግረው ከግርጌ ያለችው እሳት ሰጪዋ ነበረች። እሷን እንዴት እንደተወጧት አባትህን ጠይቃቸው።

የሱሉልታው ልጅ

ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠይቄው ነበር። «እሷን አላስታውስም» አለኝ። ወሬ የሚያጣፍጥ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር መፍጠር ይችል ነበር። አለመፍጠሩ ትንሽ አሳመነኝ።

ቶርኖ ቤት፣ አሳንሰሯ ገብታኛለች። እዛ ያለ ጓደኛዬን ነገ በስልክ አስለካዋለሁ፣ ዕቃው እሱ ጋ ነው ያለው።

አቦይ ቀለል

እኔ ያልገባኝ አለ። እኔም አሜሪካ ነኝ፣ መሙላት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። የመሙያ መጽሐፉ ላይ ዝቅተኛ የባሩድ ልክ የሚባል አለ። የኔ ሐሳብ ከዛም ቀንሶ ግማሽ ማድረግ ነው። ባሩድ ካነሰ አደጋ ያንሳል አይደል? ድምፁም ይቀንሳል፣ ብርም ይተርፋል። ለምን ይሄን ያህል ትጨነቃላችሁ?

የሱሉልታው ልጅ

ወንድሜ፣ እሱን እንዳታደርግ። ስለ ምን እንደምልህ ልንገርህ። ይሄን ለአባቴም የነገርኩት ትናንት ነው።

ባለፈው ክረምት ነው። እኔም እንዳንተ አስቤ ነበር። መጽሐፉ ያለውን ዝቅተኛ ልክ አየሁና «እሱም ይበዛል» አልኩ። ትንሽ ቀነስኩ። በዚህ ላይ የተጠቀምኩት አረር መዳብ የለበሰ ነበር፤ ርካሽ ስላገኘሁት። ተኩስ ሜዳ ሄድኩ። አንድ ተኮስኩ፣ ሁለት ተኮስኩ፣ ደስ ይላል። ሦስተኛው ላይ «ጧ» ማለት ሲገባው «ጢስ» አለ። የቢራ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት። ርግጫ የለም። እጄ ግን ለምዶታል። ቀለበቱን ገፋሁ፣ መለስኩ። አራተኛው ጎረሰ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ። «ቁም!» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጠመንጃውን አራገፍን። ካዝናውን ባዶ አደረግን። ከአፈሙዙ በኩል ቀጭን የናስ ዘንግ አስገቡ። ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ቆመ። አረሩ አልወጣም ነበር። የአፈሙዙ ቱቦ መሃል ላይ ተሰክቶ ቁጭ ብሏል።

ሽጉጥ ቢሆን አፈሙዙ አራት ወይም ስድስት ኢንች ነው፤ ያቺው ጉልበት ታስወጣው ነበር። የኔ ጠመንጃ 20 ኢንች ነው። ግማሹን መንገድ ሄዶ ጉልበቱ አለቀ። አራተኛውን ብተኩስ ኖሮ አረር አረርን ይመታ ነበር። ቱቦው ይነፋል ወይም ይቀደዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ግራ እጄ አለ።

አባቴ ይሄን ሰምቶ ምን አለ መሰላችሁ? «አያትህ ከተኮሰ በኋላ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር» አለኝ። እኔ ጭሱ እስኪጠራ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለኝ።

የኔቫዳው

ከላይ የተጻፈውን ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ያንብበው።

እኔ የካውቦይ ተኩስ ውድድር እገባለሁ። ባርኔጣ፣ ቦት ጫማ፣ ሁሉም አለ። አበሻ ካውቦይ ብለው ይስቁብኛል። እዛ የሁሉም ሰው ጥይት ቀላል ነው፤ የሚያሸንፈው ፈጣን እንጂ ኃይለኛ አይደለምና። ግን ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበር በደንቡ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ወለልም አለው። ጠመንጃ ከ1,400 ጫማ በሰከንድ መብለጥ የለበትም፣ ሽጉጥ ከ1,000። ማንኛውም ደግሞ ከ400 ጫማ በሰከንድ ማነስ የለበትም። ቀላል ይሁን ተባለ እንጂ የፈለግከውን ያህል ይቅለል አልተባለም።

ለሌቨር ጠመንጃ ቀላል ጥይት የሚሞላ ሰው ከኔ ይሄን ይውሰድ። መዳብ የለበሰውን ተወው፣ እርሳሱን ያዝ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በቱቦው ውስጥ በትንሽ ጉልበት ይንሸራተታል። መዳብ ይይዛል። የሱሉልታውን ልጅ ያስቀረው ግማሹ ጥፋት የመዳቡ ነው። ሁለተኛ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ ይሁን። ቱቦ ካዝና ውስጥ የአንዱ አፍንጫ የፊተኛው ፕራይመር ላይ ነው የሚያርፈው። ሹል ከሆነ ርግጫው ሲመጣ ሚስማር ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የቀለሁን አንገት በደንብ አጥብቀው። ስፕሪንጉም ርግጫውም ይገፉታል። ካልጠበቀ አረሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ያኔ ቶርኖ ቤት ያለው ቁመት እዛው ካዝና ውስጥ ይቀየርብሃል።

የባሩዱን ልክ እዚህ መድረክ ላይ አልጽፍም፣ ማንም እንዲጽፍ አልፈልግም። ለያንዳንዱ ባሩድና ለያንዳንዱ አረር የተለየ ነው። ባሩዱን የሠራው ድርጅት ያሳተመው ሠንጠረዥ አለ። ከዛ በላይም ከዛ በታችም የለም።

አቦይ ቀለል

እሺ፣ ገባኝ። ግን መጽሐፉ የሚለውን ልክ ስሞላ ለምን ባዶ ቦታ ይበዛል? ቀለሁ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ታላላቆቹ የሠሩት ነገር ትንሽ ይገርማል።

ቶርኖ ቤት

የሚገርመው ጥያቄህ ጥሩ መሆኑ ነው። ይሄን የሚያስረዳው የሻምበል ጥቁር ባሩድ ነው።

38 ስፔሻል እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ የመጀመሪያ ልብሱ ለጥቁር ባሩድ ነበር የተሰፋው። ጥቁር ባሩድ ጉልበቱ ከብዛቱ ነው። ቀለሁን እስከ አረሩ ሥር ትሞላዋለህ። ከዚያ ጭስ አልባው መጣ። ያንኑ ጉልበት በትንሽ ቁንጥጫ ይሰጣል። ቀለሁ ግን እንደ ድሮው ረጅም ሆኖ ቀረ። 45 ኮልትም እንደዛው ነው፣ ከ1873 ጀምሮ። የታላቅ ወንድምህን ኮት ለብሰህ ማለት ነው። እጅጌው ይተርፋል።

ትርፉ እጅጌ ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንደኛው፣ ባሩዱ ውስጥ ይንሸራተታል። ጠመንጃውን አዘቅዝቀህ ብታነሳው ወደ አረሩ ይሄዳል፣ ቀና ብታደርገው ወደ ፕራይመሩ ይመለሳል። አንዱ ፈጣን አንዱ ዘገምተኛ ይወጣል። አንዳንዱ ባሩድ ይሄ አያስጨንቀውም፣ አንዳንዱ በጣም ያስጨንቀዋል።

ሁለተኛው ይብሳል። ቦታ ስላለ፣ ተሳስተህ ሁለት ጊዜ ብትሞላበትም ይይዛል። አይፈስም፣ አይታወቅህም። አቦይ ቀለል፣ አንተ «ትንሽ ባሩድ ትንሽ አደጋ» ያልከው እዚህ ላይ ይገለበጣል። በጣም ትንሽ ልክ ማለት ሁለት ጊዜ የሚገባ ልክ ማለት ነው። የ38 የግፊት ጣሪያ 17,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። የ357ቱ 35,000። ድርብ ሙሌት ግን ጣሪያ አያውቅም።

የሱሉልታው ልጅ አያት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበሩ። ጥቁር ባሩድ ከሞላ ሞላ። ሁለተኛውን ቢጨምሩበት መሬት ላይ ይፈስ ነበር።

የኔቫዳው

ለዚህ ነው ትሬይል ቦስ የሚባለውን ባሩድ የወደድነው። ቅንጣቱ ቀለበት ቀለበት ነው፣ እንደ ትናንሽ ቦምቦሊኖ። አየር የበዛበት ስለሆነ ትንሽ ልኩም ቀለሁን ይሞላዋል። ድርብ ካደረግክ ይፈሳል፣ ዓይንህ ያየዋል። አሁን ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ያለው ሰው እንደ ቡታጅራ ማር ነው የሚደብቀው።

ከሌለህ ያለህ መሣሪያ ዓይንህ ነው። እኔ 50 ቀለህ በእንጨት ጣውላ ላይ ደርድሬ ባሩድ ካስገባሁ በኋላ፣ አረር ከመድፈኔ በፊት፣ በባትሪ አንድ በአንድ አያለሁ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ያንን ብቻ አላወጣም። ሁሉንም እገለብጣለሁ።

የቡራዩዋ

ሰላም ወንድሞች። ሴት እዚህ አትገባም ካላላችሁ ልናገር። ባለቤቴ ሚኒሶታ እያለን ይሞላ ነበር፣ እኔም ተኩሻለሁ። አሁን ተመልሰን ቡራዩ ነው የምንኖረው። ዕቃውን እዛው ሸጦ ነው የመጣው።

ቀላል ጥይት የምትፈልጉበትን ምክንያት ሁሉም እንደ ፈሪነት ያየዋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ጉልበት ያለውን ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተኮስኩት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ዓይኔን እየጨፈንኩ ነበር የምተኩሰው። በቀላሉ ጀምሬ ቢሆን ያ ልማድ አይመጣም ነበር። ስለዚህ ቀላል ጥይት ለማስተማሪያ ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። እርሳስ መርዝ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነበር የሚሞላው። አጠገቡ ቡና፣ አጠገቡ ቆሎ። እጁን ከአረሩ ወደ ቆሎው፣ ከቆሎው ወደ አረሩ። ቤት ውስጥ ሕፃን ነበረን። ተጣላን፣ ወደ ጋራዥ አስወጣሁት። ሲጨርስ እጁን በሳሙና፣ ልብሱን ለብቻ። ለዚህ ብቻ የሚሆን መጥረጊያ፣ ያውም እርጥብ ጨርቅ፣ አቧራ እንዳያስነሳ። የሱሉልታው ልጅ፣ እናትህ ጠረጴዛ ላይ አለመሆኑ ደስ ይላል።

ጨዋታ አዋቂ

የቆሎው ነገር ከሁሉም ይበልጥ አስደነገጠኝ።

የሱሉልታው ልጅ

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እኔም ሻይ አጠገቤ አስቀምጥ ነበር። ከአሁን በኋላ የለም።

ጓደኛዬ ለካ። ሙሉ ቁመቱ 36.5 ሚሊ ነው። ቶርኖ ቤት፣ ሱሉልታ ስትመጣ ክትፎው በኔ ነው። ባሩድም ፕራይመርም የሌላቸው ባዶ ናሙና ጥይቶች እንዲሠራ አደረግኩት። አሥሩን እንደኔው አጭር፣ አሥሩን በ357 ቀለህ፣ ቁመታቸው 39 ሚሊ አካባቢ። በቪዲዮ ስልክ እያየሁት ቀለበቱን ገፋ፣ መለሰ። አጭሮቹ ሁለት ጊዜ ነከሱ። ረጅሞቹ አንድም ጊዜ። በስልክ ድምፁ ይሰማል፣ ቀጨ-ቀጨ። አባቴ አጠገቤ ሆኖ «ይሄ ማሽን ነው ወይስ ጠመንጃ?» አለኝ።

ስለዚህ ወደ 357 ቀለህ እዛወራለሁ። ቁመቱ ይስተካከላል፣ ጉሮሮው ላይ የሚጋገረው ቀለበትም አይመጣም። ግን ቀለሁ ሲረዝም ባዶ ቦታውም እንደሚጨምር ስለገባኝ የ38ቱን ልክ ዝም ብዬ አልገለብጥበትም። ለ357 ቀለህ የተጻፈውን ቀላል ልክ ፈልጌ ነው የምጀምረው፣ በእርሳስ አረር።

ለአባቴ ጥያቄ መልስ ሰጠሁት። «ባሩዱን ስትቀንስ አረሩ መሃል መንገድ ይደርሳል» አልኩት። ሳቀ። «እኔም የጠየቅኩህ አውቄ ነው» አለኝ። ይሄኛው ማጣፈጥ መሆኑን እርግጠኛ ነኝ።

ሻምበል (ጡረታ)

አባትህን አመንካቸው አላመንካቸው ማረጋገጫ አለ፣ ልጄ። ቤት ውስጥ አንድ የውጅግራ ቀለህ ከተገኘ። አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ርዝመቱ ከሌባ ጣት ትንሽ ያነሰ ናስ ነው። የግርጌውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። ጠመንጃው ቀለሁን ሲያወጣ የሚይዝበት ጥፍር አለው። በያንዳንዱ ተኩስ ጠርዙ ላይ ቧጨራ ይተዋል። አንድ ጊዜ የተተኮሰ አንድ ምልክት አለው። ብዙ ጊዜ የተተኮሰ የተለያየ ቦታ ላይ ብዙ ይኖረዋል፤ ማንም ቀለሁን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አያጎርሰውም።

የሱሉልታው ልጅ

ሻምበል፣ የእርስዎን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አባቴ «የለንም» አለ። ሁሉም በደርግ ጊዜ ጠፋ አለ። እናቴ ግን ከጓዳ «ያ የእማማ ኩል ማስቀመጫስ?» አለች።

ሁለታችንም ተነሳን። ከሳጥኗ ግርጌ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። የአያቴ የኩል ዕቃ። አፉ ላይ የእንጨት ውታፍ፣ ከውታፉ ጋር የተያያዘ ቀጭን መኳያ። ልጅ እያለሁ አይቼዋለሁ፣ ግን ምን እንደሆነ አስቤ አላውቅም። አንገቱ ጠበብ ያለ ናስ ነው። በማስመሪያ ለካሁት፤ 59 ሚሊ ሆነ።

በስልኬ መብራት ጠርዙን አየሁ። አንድ ቧጨራ። ትንሽ ዞር ሳደርገው ሌላ። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ጠለቅ ያለ ሦስተኛ። አባቴ መነጽሩን አምጡልኝ አለ። ላጸዳውና በደንብ ልቁጠር ብዬ ጨርቅ ሳነሳ እናቴ ከእጄ ወሰደችው። ውስጡ ኩል አለ፣ አትነካካው አለችኝ።